የመልስ ጨዋታ

ሐበሻ ድግስ ላይ የእንግዳ ሥራ ሁለት ነው፤ መብላትና «ኧረ በቃኝ» ማለት። ጭፈራ የሚባል ሦስተኛ ሥራም አለ፤ እሱ ግን ለሁሉም አልተሰጠም። እስክስታው ሲሞቅ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ቀራጭ የሚሆን፣ ወይም ድንገት የመኪናውን ቁልፍ መፈለግ የሚጀምር ሰው በየጠረጴዛው አይጠፋም። ከነዚህ ሥራዎች የሚተርፈው ሰዓት የመቀመጥ ሰዓት ነው። አዳራሽ ውስጥ ሲሆን መቀመጡ አያስታውቅም። መብራቱ ደብዘዝ ይላል፤ ዲጄው ሙዚቃውን ሰው ከሰው እስከማይደማመጥ ድረስ ይለቀዋል፤ አጠገብህ ያለው የማታውቀው ሰው አንድ ነገር ይልሃል፤ አንተም ሳትሰማው ራስህን ትነቀንቃለህ። ስትለያዩ «ጥሩ ተጫወትን» ትባባላላችሁ።

ጣጣው የሚመጣው ድግሱ ጓሮ ሲወጣ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች አዳራሽ በተዘጋበት በ2020 ባክያርድ ውስጥ መዳር ተማርን፤ አዳራሹ ከተከፈተም በኋላ ብዙዎቻችን ቢያንስ መልሱን እዚያው አስቀረነው። (ዓመቱንም ሰዓቱንም የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ነገሩም የፈረንጅ ነውና።) እዚህ ሰኔ ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 8፡30 በፊት አትጠልቅም። በዚያ ሁሉ ብርሃን የወንድ ወገን በአጥሩ በኩል፣ የሴት ወገን በዴኩ (በእንጨት በረንዳው) በኩል ለዕርቅ እንደተጠሩ ባላጋራዎች ፊት ለፊት ይቀመጣል። ትናንት በሠርጉ ላይ ተቃቅፈው የተሳሳሙት ሰዎች ዛሬ የሚነጋገሩት አጥተው የአየሩን ጠባይ ያመሰግናሉ። «ጥሩ አየር ነው።» «ኧረ በጣም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ከዚያ ዝም።

ባለፈው ሰመር ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የተጠራሁበት መልስም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ነጭ ድንኳን ተከራይተዋል፤ ቡናው ዴኩ ላይ ነው፤ ቄጤማ ይጎዝጎዝ ተብሎ ሳር በሳር ላይ ምን ይሠራል በሚል ቀርቷል። የሙሽራው አጎትና የሙሽሪት አባት ከሽምግልናው ጀምሮ አንቱ እየተባባሉ፣ ወንበር እየተለቃቀቁ፣ «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። በዚህ መሐል የሙሽሪት ወንድም፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ጎረምሳ፣ ከጋራዡ ሁለት ሳንቃ እየጎተተ መጣ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀብተዋል። ከኋላ ታጣፊ እግር አላቸው፤ ከላይ በኩል ክብ ቀዳዳ።

አክስቱ አየችውና «እሰይ የኔ ልጅ! ጠረጴዛ አንሶን ነበር» ብላ አንዱን ሳንቃ ተቀበለችው። ድፎ ዳቦውን አምጥታ ልክ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠችው። ቀዳዳውን ለእንፋሎት መውጫ የተሠራ ነው ብላ ሳትገምት አልቀረችም። ሳንቃው ግን ከኋላው ከፍ፣ ከፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ዳቦው መጀመሪያ ቆም አለ፤ ከዚያ ከነኮባው ቀስ እያለ መንሸራተት ጀመረ፤ አንድ ሕፃን ሳሩ ላይ ሳይደርስ ደረቱን ሰጥቶ አስቆመው። የዚያን ቀን የመጀመሪያው ጭብጨባ ለዚያ ሕፃን ነበር።

ጨዋታው ኮርንሆል ይባላል። ሁለት ሳንቃዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ግድም ናቸው። ቀዳዳው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከአንዱ ሳንቃ ፊት እስከ ሌላው ፊት 27 ጫማ፣ ማለትም ከ8 ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ርቀት ይለካል። ተጫዋቹ ግማሽ ኪሎ የማይሞሉ አራት ከረጢቶች ይይዝና አንድ በአንድ፣ ከባላጋራው ጋር እየተፈራረቀ ይወረውራል። ሳንቃው ላይ የቀረ 1 ነጥብ፣ ቀዳዳው የገባ 3 ነጥብ። 21 የደረሰ ያሸንፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ብይ ጉድጓድ ውስጥ ሲያስገባ ላደገ ሰው ምንም የሚያስተምሩት ነገር የለም፤ ብዩ አድጎ ከረጢት፣ ጉድጓዱ ተነሥቶ ሳንቃ ላይ ወጥቷል።

የሙሽራው እናት ግን ወዲያው አልተቀበሉትም። ከረጢቱን አንሥተው መዘኑት፤ ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ኮርን ነበር እማማ። በቆሎ።»

ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ወደ ጠረጴዛው መለሱት። «እህል ነው የምትወራወሩት?»

ዴኩ በሙሉ ጸጥ አለ። እንጀራ ሲወድቅ አንሥተው ስመው የሚያስቀምጡ እናት ፊት እህል ወርውሮ መሬት መጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የተወለደውም ልጅ ያውቃል። ደግነቱ እውነቱ አዳነው። በቆሎ የነበረው ድሮ ነው፤ በቆሎው ይደቃል፣ እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ አይጥ ይጠራል። አሁን ብዙዎቹ ከረጢቶች የሚሞሉት በፕላስቲክ ፍሬ ነው። «እንዲያ በለኝ» አሉ እማማ፤ «ፕላስቲክ ከሆነ የትም ይውደቅ።»

የዚህን ነገር የትውልድ ሐረግ ብዙ ሰው ለራሱ ይስባል። በተለይ ከኦሃዮዋ ሲንሲናቲ ሰዎች ጋር በዚህ ጉዳይ መሟገት አይበጅም። በወረቀት የሚታወቀው በ1883 ሄይሊገር ዴ ዊንት የተባለ ሰው ከዚህ ጋር በጣም ለሚመሳሰል ጨዋታ ፓተንት ማውጣቱ ነው። የእሱ ሳንቃ ቀዳዳው ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነበር፤ ቤት ውስጥም የሚጫወቱት ነበር። ሳሩ በኋላ መጣ።

ሳሩን ካነሣን አይቀር፣ እኛ ከሳር ጋር የተዋወቅነው በማስጠንቀቂያ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው አደባባዩም መናፈሻውም ላይ «ሳሩን አትርገጡ» የሚል ቆርቆሮ ሲያይ ነው የኖረው። ሳር ማለት የዘበኛ ፉጨት ማለት ነበር። ስለዚህ ትልልቆቹ መጀመሪያ ላይ ወደ መጫወቻው የሄዱት የድንጋይ መረማመጃውን ተከትለው ነው። አንድ ሽማግሌ ግን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ጓሮውን ከጫፍ ጫፍ ቃኙና «ይኼን ሁሉ መሬት በግ ሳያስገቡበት!» አሉ።

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ግን ሳያውቁት ታሪክ ነው የተናገሩት። ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ በ1830 የሳር ማጨጃ ማሽን ፓተንት እስኪያወጣ ድረስ የጌቶቹን ሳር ዝቅ አድርጎ የሚያቆየው ማጭድና በግ ነበር። ማሽኑ ባይመጣ ኳስ ሳር ላይ የሚንከባለልበት ጨዋታ ሁሉ እንዲህ በየጓሮው አይገባም ነበር። የዊምብልደኑ ክለብ እንኳ በ1868 ሲመሠረት ክሮኬ ለሚባለው የመዶሻና የኳስ ጨዋታ ነበር፤ ቴኒሱ በኋላ መጥቶ በ1877 የመጀመሪያው ውድድር ተደረገበት፤ ክሮኬ ዛሬም በክለቡ ስም ውስጥ አለ። በጉ ደግሞ ተመልሶ መጥቷል፤ ያውም ከዚህ ጓሮ ብዙ በማይርቅ ቦታ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ኋይት ሐውስ ሳር ላይ በጎች አሰማሩ። አጫጆቹ ለሌላ ሥራ ተለቀቁ፤ ሱፉም ለቀይ መስቀል በጨረታ ተሸጦ ከ52 ሺህ ዶላር በላይ አስገኘ። ከመንጋው ትንባሆ ማኘክ የሚወድ አንድ አውራ በግ ነበረ። ይህን ሳወራላቸው ሽማግሌው ስለ ሱፉም ስለ ዶላሩም ግድ አልሰጣቸውም፤ «ሥጋውስ?» ብቻ አሉ።

ወደ ሳንቃው እንመለስ። የወንድ ወገንና የሴት ወገን ተብሎ ተከፈለ። አባትየው ከልጃቸው ጋር፣ አጎትየው ከሙሽራው ጋር። ገና አንድ ከረጢት ሳይወረወር የመጀመሪያው ሙግት ተነሣ፤ ርቀቱን ማን ይለካ? መለኪያ የለም። በእርምጃ ይሁን ተባለ።

«በማን እርምጃ?» አሉ አጎትየው።

አንደኛው ሚዜ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልጅ ነው። አባትየው ደግሞ አጠር ያሉ፣ ሱፋቸው የጠበባቸው ሰው ናቸው። በመጨረሻ የሁለቱ አማካይ ነው ተብሎ አንድ መካከለኛ ቁመት ያለው ዘመድ ተመርጦ ዘጠኝ እርምጃ ሄደ። ስምንተኛው እርምጃ ላይ ቡና ይዛ የምታልፍ ልጅ አጋጥማው አጠር አድርጓት እንደነበር ያየ ሁሉ አይቷል፤ ያኔ ግን ማንም ምንም አላለም።

ሙሽራው ሦስት ከረጢት ወርውሮ ሦስቱንም ሳተ። አጎቱ ሲቆጡት «ጋሼ፣ ማግባቱንስ ትናንት ጨርሻለሁ» አለና ከረጢቱን ለሚዜው አስረክቦ ወደ ሙሽሪት ሄደ። ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረው ነገር ለጫጉላ የሚሆን አልነበረም።

እውነተኛው ጠብ የመጣው ከነጥብ አቆጣጠሩ ነው። በኮርንሆል አንድ ዙር ሲያልቅ የሁለቱ ወገን ነጥብ ይቀናነሳል፤ የሚመዘገበው ልዩነቱ ብቻ ነው። አጎትየው አንዷን ከረጢት በሚያምር አወራወር ቀዳዳው ከተቷት፤ እጃቸውን አነሡ፤ እልልታም ተቀበሉ። ቀጥሎ የሙሽሪት ወንድም የራሱን ከተተ።

«ስለዚህ ዜሮ ለዜሮ» አለ ልጁ።

«የምን ዜሮ?»

«ይቀናነሳል ጋሼ። እናንተም አስገባችሁ፣ እኛም አስገባን።»

«የእናንተ መግባት የእኔን ምን አደረገው? የእኔ እኮ እዚያው ውስጥ ነው ያለው! ሂድና እየው!»

ሄደው አዩት። እውነትም እዚያው ነበር። ለማስረዳት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ኡበር የሚነዳ የቀድሞ የመንግሥት ጠበቃና ሁለት ነርሶች ተሰለፉ። ጠበቃው ጉዳዩን ወደ ማቻቻል አዙሮ ስለ ዕዳ ምሳሌ ሲሰጥ አጎትየው «እኔ ከነሱ አልተበደርኩም» ብለው ዘጉት። ልብ ያልኩት ነገር ግን ሌላ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ አየሩ ጠባይ ብቻ ይነጋገሩ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው አንድ ቀዳዳ ውስጥ አጎንብሰው እያዩ ነው፤ በአንድ አፍታም አንቱታው ከሁለቱም አፍ ወድቋል። «አንተ ደግሞ!» ሲሉ የሰማሁት መጀመሪያ አባትየውን ነው። «አንተ ራስህ!» የሚለው መልስ ለመምጣት አልዘገየም። በሽምግልናው ሁለት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጠጅ ተጠጥቶ ያልሆነ ነገር ነው።

ይህ ሙግት የእኛ ብቻ ጠባይ መስሎት የሚያፍር ካለ አይፈር። በ2015 የተቋቋመ የአሜሪካ ኮርንሆል ሊግ የሚባል አለ፤ ውድድሩ በኢኤስፒኤን ይተላለፋል፤ በዚህ የሚተዳደሩ ባለሙያዎችም አሉ። በ2022 የዓለም ሻምፒዮናው ላይ አንደኛው ወገን «የባላጋራዎቻችን ከረጢት ከመጠኑ አንሷል» ብሎ ከሰሰ። ትንሽ ከረጢት ቀዳዳው ይሰፋለታል ማለት ነው። ከረጢቶቹ ተመረመሩ፤ እውነትም መለኪያውን አላሟሉም። ከዚያ የከሳሾቹም ተመረመረ። እነሱም አላሟሉም! ዳኞቹ ማንንም ሳይቀጡ ጨዋታው እንዲቀጥል አደረጉ። እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ የዕድር ሰብሳቢ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እኔ የድግስ ጨዋታን የምመዝንበት አንድ ሚዛን አለኝ፤ በአንድ እጅ መጫወት ይቻላል ወይስ አይቻልም? አሜሪካኖቹ ኮርንሆልን የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀኝ እጅ ይወረውራል፤ ግራው ቢራውን ይይዛል፤ አፍ ለወሬ ነፃ ነው። በእኛ ድግስ ግን አፍም ነፃ አይደለም። ጉርሻ አለ። ጉርሻ ደግሞ ተራ አይጠብቅም።

አክስትየው፣ የዳቦዋ ማለቴ ነው፣ ይህን ቀድማ የተረዳች ይመስለኛል። ነጥቡ 20 ለ18 ሆኖ፣ አጎትየው መሪ ሆነው፣ እግራቸውን አስተካክለው፣ ከረጢቱን በጣታቸው ደልድለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ በወሰዱባት ቅጽበት ከጎናቸው ብቅ አለች። በእጇ ከዶሮ ወጡ የተጠቀለለ፣ እንቁላሉ ያልተረሳ፣ ቅቤው እስከ አንጓዋ የወረደ ጉርሻ ይዛለች።

«በሞቴ!»

ምን ያድርጉ? በሞቴ ተብለዋል። አማት ቤት ነው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ጉርሻው ገባ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እጃቸው ግን በጉዞ ላይ ነበረና ከረጢቱ ሄዶ አጥሩ ሥር ዐረፈ። ገና ሳይውጡ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ደገመችላቸው። ቀጣዩ ከረጢት ሳንቃውን ነካ አድርጎ ወደቀ። «ሦስተኛውማ ግድ ነው!» ስትል የወንድ ወገን በሙሉ ተነሥቶ ጮኸ። ሚዜዎቹ «ፋውል!» አሉ። የሴት ወገን «እንግዳ ማጉረስ ነው ወይ ፋውሉ?» ብሎ መለሰ። እውነቱን ለመናገር የኮርንሆል ደንብ ስለ ጉርሻ ምንም አይልም።

የቀሩትን ጨዋታዎች በዚሁ ሚዛን ቶሎ ቶሎ እንያቸው። ባድሜንተን ለሐበሻ ጓሮ አይሆንም፤ ላባዋ ነፋስ ትወዳለች፣ ነጠላ የለበሰች ሴት እጇን ወደ ላይ ስታነሣ ነጠላው ይቀድማታል፣ ላባዋም በመጨረሻ የምታርፈው ወጥ ላይ ነው። ሹል ብረት ያላቸው የሳር ዳርቶች በ1988 አሜሪካ ውስጥ እንዳይሸጡ ታግደዋል፤ ሕፃን ተገድሎባቸዋልና በነሱ አልቀልድም። የፈረስ ጫማ ብረት ወርውሮ ምሰሶ ላይ ማጥለቅ የፕሬዚዳንቶች ጨዋታ ነው። ትሩማን ይወዱት ነበር፤ ትልቁ ቡሽ በ1989 ኋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ መጫወቻ አሠርተውለታል። ግን ከአንድ ኪሎ የሚበልጥ ብረት በአሥራ ሁለት ሜትር ርቀት ሲበር፣ ሕፃናት ከትራምፖሊን ወደ ኬክ በሚሯሯጡበት ጓሮ ውስጥ፣ እኔ ቡናዬን ቤት ውስጥ ብጠጣ እመርጣለሁ።

ክሮኬ ለየት ያለ አደጋ አለው። በፈረንጆቹ ዘንድ ረጋ ያለ ነገር ነው፤ በ1900 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ሲካሄድ ከፍሎ የገባ ተመልካች አንድ ብቻ ነበር ይባላል። በእንጨት መዶሻ ኳሷን ነካ አድርጎ በቀጭን የሽቦ ቅስት ሥር ማሳለፍ ነው። አሁን ይህን መዶሻ ገና ሲጫወት ላደገ የሃምሳ ዓመት ሰው ስጡት። እሱ «ነካ» የሚባለውን አያውቅም። ኳስ ካየ ከትከሻው በላይ አንሥቶ ነው የሚያወርደው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ ጌታው ግን የቤቱን ሞርጌጅ የሚከፍል፣ የዴኩ መስታወት በር የእሱ የሆነ እንደሆነ ይቆጣል።

ትልቁን ጄንጋ ያላየ የለም፤ ሃምሳ አራት እንጨት ተደርድሮ አንድ በአንድ ከሥር እየተመዘዘ ወደ ላይ የሚጫንበት። የአፍሪካ ልጅ ነው። ሌስሊ ስኮት፣ ታንዛኒያ የተወለደችው እንግሊዛዊት፣ ቤተሰቧ ጋና እያለ ከታኮራዲ እንጨት መሰንጠቂያ በመጡ ቁርጥራጮች ሲጫወቱት ኖረው በ1983 ለንደን ለገበያ አቀረበችው። ለሳር የሚሆነው ግዙፉ ዓይነት ሰው ደረት ድረስ ይቆማል። በአንድ እጅ ይሞከራል፤ ተመልካቹን ሁሉ ትንፋሽ ያስውጠዋል፤ ሲወድቅ ጩኸቱ ደስ ይላል። በዚያ መልስ ላይ ግን አንድ ዙር ሳይሞላ ተነሣ። ልጆቹ እንጨቱን ሲመዙ የሙሽሪት እናት ዓይናቸው አርፎበት፣

«ምንድን ነው እሱ?»

«ግንብ ነው እማዬ። እስኪፈርስ ድረስ ነው።»

«በልጄ መልስ ቀን? ቤት ሊፈርስ? አንሡልኝ!»

ወዲያው በጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ ጋራዥ ገባ። ተከራክሮ የሚመልሳቸው የለም፤ እኔም በልቤ ከሳቸው ጋር ነበርኩ።

ከኮርንሆል ቀጥሎ የምመርጠው ቦቺን ነው። አዲስ አበባ ጁቬንቱስ ክለብ ያሉትን ጣሊያን ሽማግሌዎች ያየ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። ትንሿን ኳስ ይወረውሩና ትልልቆቹን ወደ እሷ ማስጠጋት ነው። ጉልበት አይጠይቅም፤ ጎረምሳውን አያቱ ያሸንፉታል። ኳሷ ተንከባላ እስክትቆም ለመጉረስም ለመዋጥም በቂ ጊዜ አለ። ጉድለቱ ሐበሻ ጓሮ ውስጥ ማን እንደቀረበ የሚለካው በእግር ጫፍ መሆኑ ነው፤ የእግር ጫፍ ደግሞ ሲለካ ኳስ መግፋት ይወዳል።

እንግዲህ ከምሽቱ 9 ሰዓት ሆነ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከዚህ ሰዓት በኋላ የድምፅ ገደቡ ይጠብቃል። ዲጄው ሕግ አክባሪ ነውና ሙዚቃውን ዝቅ አደረገ። ሙዚቃው ዝቅ ሲል የጉርሻው ክርክር ምን ያህል እንደጮኸ ያን ጊዜ ታወቀ። ሁለተኛው ጨዋታ 19 ለ19 ላይ ቆሟል። አባትየው ሲወረውሩ እግራቸው ከሳንቃው ፊት አልፏል ይላሉ አጎትየው፤ አላለፈም ይላሉ አባትየው፤ እልልታና «ዋሽተሃል» ተደባልቋል።

የአጥሩ በር ተከፈተ። ጎረቤት ነው፤ ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ቁምጣ የለበሰ አሜሪካዊ። ሁሉም ዝም አለ። የሙሽሪት ወንድም ይቅርታ ሊጠይቅ ፈጥኖ ወደ በሩ ሄደ። ሰውየው ግን የመጣው ለድምፁ አልነበረም። ከራሱ ዴክ ላይ ሆኖ ሲያይ ነው ያመሸው።

«እግራቸው አልፏል» አለ።

የወንድ ወገን ፈነዳ። አጎትየው ሰውየውን አቅፈው ሳሙት፤ ወንበር ሳቡለት። አክስትየው ክትፎ ከነሚጥሚጣው ጠቅልላ «ዌልካም» ብላ አጎረሰችው፤ ፊቱ ቀላ፣ አላበው፣ ግን ዋጠ፤ ውሃም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሾመው ሳይታወቅ ዳኛ ሆነ። የኦሃዮ ሰው መሆኑ ሲሰማ ሹመቱ ጸና።

ዳኛ ሆኖ የመጀመሪያ ሥራው ግን ማንም ያላሰበውን ማድረግ ነበር። ከኪሱ ሜትር አወጣ። ኪሱ ውስጥ ሜትር ይዞ መምጣቱን ሳይ የዚህን ሰው የምሽት ሐሳብ ተረዳሁ። ከሳንቃ ፊት እስከ ሳንቃ ፊት ዘረጋው፤ በስልክ መብራት አጎንብሶ አየው፤ ራሱን ነቀነቀ። 24 ጫማ። ሦስት ጫማ ይጎድላል። ያቺ ቡና የያዘች ልጅ ያሳጠረቻት እርምጃ!

«የተጫወታችሁት ሁሉ አይቆጠርም» አለ።

የሙሽሪት ወንድም ተረጎመው። ለአንድ አፍታ ሁለቱም ወገን እኩል ተበደለ። ከዚያ አጎትየው ፊታቸው በራ፤ ኮታቸውን ከወንበሩ አነሡና ቆሙ።

«በቃ! ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ እኛ ቤት! ሜዳው ሙሉ ሃያ ሰባት ጫማ ነው፤ እኔው ራሴ እለካዋለሁ።»

«አንተ ለክተህ?» አሉ አባትየው። «እኛ ዳኛችንን ይዘን ነው የምንመጣው» አሉ፣ እጃቸውን በጎረቤታቸው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው። ጎረቤትየው ምን እንደተባለ ባይገባውም ሁለተኛ ጉርሻውን እየተቀበለ አውራ ጣቱን አነሣ።

አጎትየው አክስትየውን ከራስ እስከ እግር አዩዋት።

«አምጡት» አሉ። «ዳኛው ከእናንተ ይሁን፤ ጉርሻው ግን ከእኛ ነው።»